ኸልና ኩል

ጅዳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳ አሲያ፤ አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ሶፍያ አዳዳ እያለች ስለምትጠራዎት እኔም ከልጄ ጋር አዳዳ ማለት ለምጄ ቀርቻለሁ። ለአባቷ እህት የሚገባው ስም እሱ ነው፤ የባሌ እህት ብዬ መጻፍ አልሆነልኝም። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የከሚሴ ሙቀት ቀለል አለ ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሥራው ያው ነው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎት ሚስራ ትባላለች፤ እኔ ካለሁበት ሁለት ቤት አልፎ የምትሠራ የባቲ ልጅ ናት። ውሏን ጨርሳ ለሦስት ወር አገር መግባቷ ነው። በስልክ እንዳላወራዎት፣ ማዳም ዐርብ ዐርብ የምትሰጠኝ ዐሥር ደቂቃ ደህና ነሽ ደህና ነኝ ስንባባል ያልቃል። በዚያ ላይ የእናንተ ኔትወርክ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። በሰው እጅ መጻፍ ይሻላል።

ቤቱ ማለቁን ሰማሁ። የበረንዳውና የደረጃው መስታወት ሃንድሬል መገጠሙንም ሶፍያ ነግራኛለች። ደስ ብሎኛል መሰለኝ። እዚህ የማዳም ቤት ደረጃው ሁሉ መስታወት ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ አጥበዋለሁ። የማዳም ልጅ መጽሐፏን ይዛ እሱን ተደግፋ ትቆማለች፤ ከሄደች በኋላ የክርኗን ምልክት እጠርጋለሁ። ሶፍያም አንድ ቀን እንዲህ ተደግፋ ትቁም ብዬ ነው ብረት ይሁን ሲሉኝ እምቢ ያልኩት። ልጄ የሰው መስታወት እንዳታጥብ ነው ያን ቤት ያሠራሁት። ሌላ ሐሳብ የለኝም። ዘንድሮ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ፈተናውን ትለፍልኝ እንጂ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ስለ አያያዙ ልንገርዎት። መጀመሪያ አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ያራግፉ፤ ሳያራግፉ ውሃ ካፈሰሱበት አቧራው ጭቃ ሆኖ ይቧጭረዋል። ከዚያ አንድ ባልዲ ውሃ ላይ የዕቃ ሳሙና ጠብ አድርገው ከላይ ወደ ታች ማጠብ ነው። ኦሞ አይሆንም፣ አመድ አይሆንም፣ ሽቦማ በጭራሽ። በረኪና መስታወቱን የያዘውን ብረት ይበላዋል። ቀትር ላይ አይታጠብም፤ ሳይጠርጉት ይደርቅና መስመር ያወጣል። የከሚሴ ውሃ ጨው አለበት፣ ነጭ ነጥብ ይተዋል፤ እሱን በኸል ነው የሚያነሱት። ግማሽ ኸል፣ ግማሽ ውሃ። ለዚህ ሥራ ሰው ይቅጠሩ። ሶፍያ ታጥና።

በዱዓ አይርሱኝ።
ነዋል


ከሚሴ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለነዋል፤ ወዓለይኩም ሰላም። አካም ጅርታ? እኔ ፈያ ነኝ፤ ከጉልበቴ በቀር ሁሉም በቦታው አለ። አላህ በሄድሽበት ይጠብቅሽ፣ ያሰብሽውን ይሙላልሽ።

አስቀድሜ ልንገርሽ፣ የእኔ ዓይን ፊደል መለየት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እኔ እናገራለሁ፣ ሶፍያ ትጽፋለች፤ ያንቺንም የምታነብልኝ እሷው ናት። ስለዚህ ምን እንደምትጽፊ አውቀሽ ጻፊ።

የመስታወቱን ነገር እንዳልሽው አደረግን። በኸል እጠቡ የሚለውን ግን ሶፍያ ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ኸል ምን እንደሆነ ለማናችንም አልገባንም። ባለሱቁን ሲራጅን ጠየቅነው። እሱ መድረሳ የቀራ ነው፣ ያውቃል ብለን ነው። አሰበና፣ ዐረቦች ኩልን ኩሕል ነው የሚሉት፣ ነዋል አሳጥራ ጽፋው ነው አለን። እኔም ኩል ለመስታወት ምን ሊያደርግ ነው አላልኩም፤ የዐረብ አገር ሰው የሚያውቀው ነገር ይኖራል ብዬ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወረድኩ። ከአፋር ሴቶች ጥሩውን ኩል መርጬ ገዛሁ። ደቁሰን፣ ግማሽ ኩል ግማሽ ውሃ አድርገን፣ ከላይ ወደ ታች አሸነው።

ነዋል እህቴ፣ ቤትሽ ተኳለ። ከደሴ መንገድ የሚመጣ መኪና ሁሉ ፍጥነቱን ቀንሶ ያየን ነበር። ለማስለቀቅ አራት ቀን ፈጀብን። ሚስራ በኋላ ልትሰናበተን ጎራ ስትል አይታ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ኸል ማለት አቼቶ ነው አለችን። አንድ ሁለት ቦታ ጭረት ቀርቶበታል፤ ቀረብ ብሎ ካላዩት አይታወቅም።

ሌላም አለ፣ አትቆጪ። መስታወቱ ከመንገድ ሲያዩት የቆመን ሰው እግር እስከ ጉልበት ያሳያል። ጎረቤታችን አብዱልፈታህ፣ ቤታችሁ አምሯል፣ ግን ሴት ልጅ የሱቅ ዕቃ አይደለችም አለኝ። ንግግሩ አናደደኝ፤ ነገሩ ግን እውነት ሆኖ አገኘሁት። አንሶላ አስሬበታለሁ።

ለስላሳ ጨርቅ ካገኘሽ ላኪልን። የእኛው ሁሉ ክሩን ይተዋል።
ነጋን ቱሪ፤ በሰላም ቆዪ።
አሲያ

ከጸሐፊዋ፦ ሌላ ጊዜ የዐረብኛ ቃል ሲጽፉ ትርጉሙን አጠገቡ ይጻፉልን። ሶፍያ።


ጅዳ፣ መጋቢት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳ አሲያ፤ አሰላሙ ዓለይኩም። ረመዳን ሙባረክ፤ ፆማችሁን አላህ ይቀበላችሁ።

ሚስራ ደብዳቤውን ካመጣችልኝ ሁለት ሳምንት አለፈ። በፆሙ ምክንያት እንግዳ ይበዛል፣ ዕቃው ታጥቦ አያልቅም፤ ቁጭ ብዬ ስጽፍ ዛሬ ገና ነው። የኩሉን ነገር ያነበብኩት ወጥ ቤት ቆሜ ነበር። ስቄ ነው መሰለኝ፣ ማዳም ምን ሆንሽ ብላ መጣች። የሳቅሁበትን ምክንያት በዐረብኛ ላስረዳት ሞክሬ አልቻልኩም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ስጽፍ አቼቶ የሚለው ቃል ጠፍቶብኝ ነበር። ብዙ ቃል እየጠፋብኝ ነው። የዕቃውን ስም ቀኑን ሙሉ በእነሱ ቋንቋ ስሰማ እውል የለ፤ የእኛው ሲያስፈልገኝ ቶሎ አይመጣልኝም።

ጸሐፊዋ እንዳለችው ቃላቱን ከነትርጉማቸው በሌላ ወረቀት ጽፌያለሁ፤ ከእንግዲህ እንዳንሳሳት። ኸል አቼቶ ነው። ሰጥል ባልዲ ነው። ፉጣ የእጅ ጨርቅ ነው። ግዛዝ መስታወት ነው። ሞያ ውሃ ነው። መሳሓ ደግሞ አሁን የምልክላችሁ ባለጎማው መጥረጊያ ነው፤ ከላይ አስነክተው አንድ ጊዜ ወደ ታች ይስቡታል፣ ጎማውን በየመሃሉ በደረቅ ጨርቅ ይጠርጉታል። ስድስት ጨርቅም አለበት። ክር አይተዉም።

አንሶላው ከፋኝ። በስንት ዓመቴ ያሠራሁትን መስታወት አንሶላ ለብሶ ሳስበው ከፋኝ፣ ልደብቅዎት አልችልም። የሰውየው ነገር ግን አይናቅም። ስለዚህ መስታወቱን ጉም የሚያስመስል ተለጣፊ ፕላስቲክ ልኬያለሁ። ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ይለጥፉት፤ ላዩ ክፍት ይቅር። መስታወቱን አጥበው ሳይደርቅ ይለጥፉትና አየሩን በመሳሓው ይግፉት። ከዚያ በኋላ እዚያ ቦታ ላይ አቼቶ አያስነኩ፣ ሙጫውን ያስለቅቀዋል።

ለዐረፋ ልምጣ ብዬ ማዳምን ጠይቄያለሁ። ኢንሻአላህ ብላለች።

ሶፍያ አንቺ ብትለኝ አልቆጣም። ይህንን ስታነብልዎት ትሰማዋለች።
ነዋል


ከሚሴ፣ ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለነዋል፤ አሰላሙ ዓለይኩም። ዒድ ሙባረክ። ዐረፋ ካለፈ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ትመጫለሽ ብለን አንድ በግ አስቀርተንልሽ ነበር። ምንም አይደለም፣ በላነው።

ዕቃው በሙሉ ደርሶናል፣ አላህ ይስጥሽ። ተለጣፊውን ሶፍያ ለጠፈችው፤ ከጉልበት በታች ጉም ሆነ። አብዱልፈታህ ቆም ብሎ አየና አሁን መልካም ነው አለ፤ ማን እንደጠየቀው አላውቅም።

ሰው ቅጠሩ ባልሽው መሠረት አንዲት ሴትዮ ቀጥሬ ነበር። በሁለተኛው ቀን ሽቦ ይዛ ስትነሳ ሶፍያ ከእጇ ነጠቀቻት። ከዚያ ወዲህ ማንንም አታስነካም፣ ራሷ ነው የምታጥበው። ሐሙስ ሐሙስ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። ለምን በሐሙስ ብላት፣ እዚያም ሐሙስ ነው አለችኝ። የላክሽውን የቃል ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። አዳዳ ሰጥል አቀብይኝ ትለኛለች። አዳዳ ፉጣው የት ገባ ትለኛለች። ውሃን ሞያ ማለት ምን ዓይነት ነገር ነው? እኛ ጋ ሞያ የሚባለው ሌላ፤ እነሱ ከቧንቧ ይቀዱታል። በስተርጅናዬ የገዛ ባልዲዬን በዐረብኛ ልጠራ ነው።

ደረጃው ላይ ሦስተኛው መስታወት ሲነኩት ይንቀጠቀጣል። ምን ይደረግ?

ፈተናው ሐምሌ ላይ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ወስደው ነው የሚፈትኗቸው። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ ከተከፈተበት የተዘጋበት ቀን ይበልጣል። ቢሆንም ታጠናለች፣ መጽሐፏን ይዛ በረንዳው ላይ ትቆማለች፣ አንቺ እንዳሰብሽው። ሳትደገፍ ግን። የክርኗ ምልክት ይቀራል ብላ።

ስለሷ የምነግርሽ ሌላም ነበረኝ። የምትጽፈው እሷ ስለሆነች እዚህ ላይ ላቁም።
አሲያ

ከጸሐፊዋ፦ የጻፉልን ቃላት አለቁ። የወጥ ቤቱን፣ የልብሱን፣ የሕፃናቱንም ይጻፉልን። ሶፍያ።


ጅዳ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳ አሲያ፤ አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምቱስ? እኔ ደህና ነኝ። ለዐረፋ ያልመጣሁት ማዳም ኢንሻአላህ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ስላልገባኝ ነው። በዐሥራ አምስት ዓመት ሊገባኝ ይገባ ነበር።

የሚንቀጠቀጠውን መስታወት ማንም በጉልበት እንዳያጠብቀው። በመስታወቱና በብረቱ መካከል ጎማ አለ፤ ጎማው ሸሽቶ ብረት መስታወቱን ከነካው አንድ ቀን ሳይታሰብ ይረግፋል። መሃሉን ቢመቱት ይችላል፤ ጠርዙን ግን ትንሽ ነገር ትበቃዋለች። ጎማውን መልሰው አስገብተው፣ ብሎኖቹን በየተራ ትንሽ ትንሽ ማጥበቅ ነው። ሌሎቹንም በሦስት በሦስት ወር ይዩአቸው። ሲጠርጉ እጅ ብሎኑ ላይ ቆም ብሎ ቢያልፍ ይታወቃል።

ሶፍያ የጠየቀችውን ቃላት ጽፌያለሁ። ሰባት ገጽ ሆነ። የወጥ ቤቱ፣ የልብሱ፣ የብረት ምጣዱ፣ ሕፃን ሲያለቅስ የሚባለው፣ እንግዳ ሲመጣ የሚባለው፣ ሁሉም አለበት። ሦስት ሳምንት በየቀኑ ጻፍኩት። አዳዳ፣ ጫማ ልላክልሽ ስላት የለም ትለኛለች፣ ስልክ ልላክልሽ ስላት አለኝ ትለኛለች፤ ከእኔ የሆነ ነገር ስትፈልግ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቋንቋ ማወቅ አይከፋም። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ይጠቅማታል።

ፈተናው እንዴት ነበር? በስልክ ስጠይቃት ጥሩ ነው ብቻ ነው የምትለኝ። እኔም ሥራ እንዴት ነው ስባል ጥሩ ነው ነው የምለው፤ ስለዚህ ምንም አላወቅሁም።
ነዋል


ከሚሴ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለነዋል፤ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ልብሽን ያበርታው።

ጽሑፉ መለወጡን አይተሽ ይሆናል። የሚጽፍልኝ ሲራጅ ነው፤ ያ ኩል ያስገዛን። ሶፍያ ይህ ደብዳቤ መጻፉን አታውቅም።

ውጤቱ የመጣ ጊዜ ከትምህርት ቤታቸው ያለፉት አራት ልጆች ናቸው። እሷ የለችበትም። አላለቀሰችም። ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ መስታወቱን አጠበች። ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስማለችኝና ማልኩ። ስለዚህ ነው ዝም ያልኩሽ፣ አሁንም መሐላዬን እያፈረስኩ ነው።

ከዚያ ኮምፒውተር እማራለሁ ብላ ሃያ አንድ ቀን ወጥታ ገባች። ኮምፒውተር አልነበረም። ዐረብ አገር ለቤት ሥራ የሚሄዱ ልጆች የሚሠለጥኑበት ቤት ነው የዋለችው። ደላላው ዕድሜዋን ሦስት ዓመት ጨምሮ አስጽፎላታል። መጨረሻ ላይ የብቃት ፈተና አለ፣ ሲኦሲ ይሉታል። መስታወት ጥረጉ ተባሉ። ሌሎቹ ውሃ ሲያፈሱ እሷ በደረቅ ጨርቅ አቧራውን አራገፈች። ከላይ ወደ ታች ጠረገች፣ ጎማውን በየመሃሉ አደረቀች፣ ነጩን ነጥብ በኸል አነሳች። የዕቃውን ስም በዐረብኛ አንድ ሳይቀር መለሰች። ከሠላሳ ስምንት ልጅ አንደኛ ሆነች። ፈታኟ ከዚህ በፊት የት አገር ሠርተሻል ብትላት፣ የትም አለች። ታዲያ ማን አስተማረሽ ስትላት፣ «እናቴ» አለች።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ናት፤ የምስክር ወረቀቱን ይዛ ገብታ። ነዋል፣ ያቺ ልጅ ስላንቺ ስታወራ እናቴ የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። በስምሽ ነው የምትጠራሽ። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም። ለምን ብዬ ጠየቅኳት። «አዳዳ፣ እኔ ከሄድኩ እሷ ትገባለች፤ አንዳችን እዚያ ከሆንን አንዳችን እዚህ መሆን እንችላለን» አለችኝ።

ቪዛዋ በአንድ ወር ይደርሳል ብለዋታል። እኔ ከልክዬ ነበር። ዐሥራ አምስት ዓመት አሳድጌያታለሁ፣ ቁጣዬን ታውቀዋለች፣ አትፈራውም። የእናት ቃል ያስፈልጋል። አትሂጂ ብለሽ ጻፊላት። በስልክ ከሆነ ጥሩ ነው ብላ ትዘጋብሻለች።

በስልክ ስታገኚያት ምክንያቱን ሳትነግሪ ሻንጣ እንድትልክልኝ ጠይቂልኝ ብላኛለች። ጠይቄሻለሁ። እንዳትልኪ።
አሲያ


ጅዳ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶፍያ፤ አሰላሙ ዓለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ላንቺ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እስካሁን ለአዳዳ እየጻፍኩ ያንቺን ጆሮ ነበር የማስበው። እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ጥሩ ነኝ ስለምትይኝ ተውኩት።

ሁሉንም ሰምቻለሁ። በአዳዳ አትፍረጂ። ስለ ፈተናው አልተቆጣሁም፤ ደግመሽ ትቀመጪያለሽ፣ ባትቀመጪም ሌላ ነገር አይጠፋም። አንደኛ መውጣትሽን ስሰማ ኮራሁ፤ ወዲያው ደግሞ አመመኝ። ለቤቴ ብዬ የጻፍኩት እያንዳንዱ መስመር አንቺን ወደዚህ የሚያመጣ መንገድ ሆኖ ተገኘ። ያንን ሰባት ገጽ ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስለ መስታወት ያልጻፍኩልሽ አለ። መስታወት ሁለት ፊት አለው። እኔ የጻፍኩልሽ ስለ ውስጡ ነው። የእኛ ቤት አንድ ፎቅ ስለሆነ ውጭውን ከመሬት በረጅም እንጨት ትደርሺበታለሽ፣ ምንም ችግር የለውም። እዚህ ግን ውጭውን የምናጥበው ሃንድሬሉን ተሻግረን ነው። በአንድ እጅ ብረቱን ይዘሽ በአንድ እጅ ታጥቢያለሽ። ገመድ የለም። ማዳም ከውስጥ ቆማ ጣቷን እየጠቆመች፣ እዚያ ጋ ቀርቷል ትላለች።

ከፊት ለፊታችን ካለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ አንዲት የሐርቡ ልጅ ትሠራ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሁለታችንም ውጭ ስለምንወጣ እንተያያለን፣ በእጃችን ጨርቅ ሰላም እንባባላለን። ከአራት ዓመት በፊት ወደቀች። አየኋት። አልጮህኩም። የጀመርኩትን መስታወት ጨረስኩና ገባሁ። ምሳ ሠራሁ። ለእናቷ የተነገራት ልብ ድካም ነው ተብሎ ነው። የዚያን ቀን ምንም አልተሰማኝም፤ ከዚያም በኋላ አልተሰማኝም። በድኔ ነው ሲሠራ የቆየው። የተሰማኝ አሁን ነው፣ ሲራጅ የጻፈውን ሳነብ። የማጥበውን ብርጭቆ ሰበርኩ።

አንዳችን እዚያ አንዳችን እዚህ ብለሽ ያሰብሽው ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን አያስፈልግም። ውሌ ታኅሣሥ ላይ ያልቃል። አላድስም። ለማዳም ነግሬያታለሁ፤ ኢንሻአላህ ስትለኝ ኢንሻአላህ አይደለም፣ እሄዳለሁ አልኳት። ቲኬቴን ቆርጫለሁ። እስክመጣ ጠብቂኝ። የምለምንሽ ይህን ብቻ ነው። አትሂጂ።

ይህን የምታመጣልሽ ልጅ ከአዲስ አበባ ወደ ባቲ የምታልፍ ናት፣ ከሚሴ ላይ ወርዳ ትሰጥሻለች።
እናትሽ ነዋል


ከሚሴ፣ ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶፍያ፤ ደማም፣ ሳዑዲ ዐረቢያ።
አሰላሙ ዓለይኪ። አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ቀን ይሰውርሽ።

ከገባሁ ስምንተኛ ቀኔ ነው። አዳዳ ደህና ናት። የመኪና ማቆሚያው ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ፤ ሻንጣዬን ከእጄ ስትቀበል ቀና ብላ አላየችኝም፣ መሄድሽን ያኔ አወቅሁ።

ያን ደብዳቤ ያመጣችው ልጅ አዲስ አበባ ላይ መንገድ ተዘግቶባት ሰንብታለች። የደረሰችው አንቺ ከሄድሽ በዐሥራ አንደኛው ቀን ነው። አዳዳ ሳትከፍተው አስቀምጣዋለች፤ የሶፍያ ነው፣ ለሲራጅ አላስነብብም ብላ። ከነሙጫው ሰጠችኝ። ስለዚህ የጻፍኩትን አታውቂም። ቲኬት መቁረጤንም አታውቂም። ዐርብ ደውዬ እነግርሻለሁ ብዬ ነበር፤ እለቃለሁ ካልኳት ሳምንት ጀምሮ ግን ማዳም ስልኩን አልሰጠችኝም። አንቺ የሄድሽው በእኔ ፈንታ ነው፤ እኔ የመጣሁት አንቺን ብዬ ነው። ትቼሽ ከሄድኩ ጀምሮ የተገናኘነው ሁለት ጊዜ ነው፤ አሁን ደግሞ በሰማይ ላይ ተላለፍን።

በስልክሽ ስደውል ዝግ ነው ይለኛል። ወስደውብሽ ይሆናል፤ እኔም የመጀመሪያውን ዓመት እንደዚያ ነበርኩ። ደላላውን ሄጄ አነጋገርኩት። ከአሠሪዎችሽ ስምና ደማም ከሚለው በቀር አያውቅም፤ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆየና ጥሩ ቤት ነው አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምሰጣት ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ደማም የምትሄድ ናት፤ የአሠሪዎችሽን ስም ጽፌላታለሁ። ከኤርፖርት ወጥታ መንገድ ለመንገድ ጠይቃ እንደማታገኝሽ አውቃለሁ። ሌላ መላ ስለሌለኝ ነው። የድሮውንም ደብዳቤ አብሬ አሽጌዋለሁ።

የማዳምሽ ቤት መስታወት ካለው፣ መኖሩም አይቀርም፣ ሃንድሬሉን ተሻገሪ ሲሉሽ ታምሜያለሁ በይ። ዐረብኛውን አልጻፍኩልሽም ነበር። ታዕባነ ነው። አና ታዕባነ። ቢጮሁብሽም እሱኑ በይ። ቢመቱሽም ውስጥ ሆነሽ ይምቱሽ። ሥራ አልችልም ብለሽ ቢመልሱሽ ማንም አይስቅብሽም፣ አንደኛ የወጣሽበትን ወረቀት እኔ ራሴ አቃጥለዋለሁ።

ያሳደገችሽ አዳዳ ስለሆነች ምን እንደምትወጂ፣ ምን እንደምትፈሪ አላውቅም። ዛሬ ጠይቄያት ነበር። ከፍታ ትፈራለች ወይ አልኳት። አሰበችና፣ ሶፍያ ምንም አትፈራም አለችኝ። ብትፈሪ ይሻለኝ ነበር።

መልስ ለመጻፍ ወረቀት ካጣሽ በተገኘው ላይ ጻፊ፤ አንዲት ቁጥር ብትሆንም ይበቃኛል። ስንተኛ ፎቅ ላይ ነሽ?

እናትሽ ነዋል